የበረንዳ ጓሮዬና የታችኛው ቤት በርበሬ

ሰላም ለእናንተ፣ እጃችሁ አፈር ለለመደ ሁሉ። በረንዳ ላይ መትከል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስለ ዘርና ስለ አፈር ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስጀምር ማንም ስላልነገረኝ ነገር ነው፤ ስለ ጎረቤት።

ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ጠባብ ናት፤ የጠዋት ፀሐይ ግን በደንብ ታገኛለች። መስከረም 2016 ላይ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎናቸው አስተኝቼ፣ የላይኛውን ፊት ቀድጄ አፈር ሞላኋቸው። ሁለቱ ላይ ጎመን፣ ሁለቱ ላይ ቆስጣ፣ አንዱ ላይ ጤና አዳም፣ አንዱ ላይ በሶብላ። ውሃ እንዳይተኛባቸው ብዬ የእያንዳንዱን ታች በጋለ ሚስማር ስድስት ሰባት ቦታ በሳሁት። ሥር አየር ካላገኘ ይበሰብሳላ። ውሃው ከቀዳዳው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላሰብኩም።

የሚሄደው ወደ እማማ በረንዳ ነበር።

እማማ የምላቸው ልክ ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ኅዳር ላይ የዓመት በርበሬያቸውን ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ አጥበው በረንዳ ላይ አስጥተዋል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ጀሪካን ሦስት ሊትር ውሃ አጠጣለሁ። አፈሩ ሊይዝ የሚችለውን ይዞ የቀረው ጭቃ ይዞ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ናቸው፤ በእጃቸው እፍኝ በርበሬ ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ይህን እዪልኝ» አሉኝ።

በርበሬው ጭቃ ነክቶታል። አንዳንዱ ላይ ሻጋታ ጀምሯል። ሦስት ቀን ሙሉ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ቦታ ሲቀያይሩለት ቆይተዋል። አልተቆጡም። ባይቆጡም ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። በርበሬ ያዘጋጀ ሰው ይህን ያውቃል። ሻጋታ የያዘ በርበሬ ታጥቦ አይድንም። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመጣው በደንብ ሳይደርቅ ከሻገተ እህልና ቅመም ነው። እዚያ እፍኝ ውስጥ የነበረው የአንድ ቤት የዓመት ወጥ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ስለሆነ ቆም ብዬ ልናገረው። ወዲያው ሁለት እስር ጎመን ቆርጬ ይዤላቸው ወረድኩ። አመስግነው ተቀበሉኝ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ውሃውን ከሦስት ሊትር ወደ ሁለት ዝቅ አደረግኩት፤ ቀዳዳውን ግን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ውሃው ተመልሶ ወረደ። እማማ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጎመንሽ መልካም ነው። ውሃው ግን ይቁምልኝ።»

ከዚያ ቀን በፊት ከጎረቤት ጋር መስማማት ማለት ካበቀሉት ላይ ማካፈል ይመስለኝ ነበር። ማካፈል ደስ ይላል፤ አሁንም አካፍላለሁ። ነገር ግን ጥፋቱ ሳይስተካከል የሚሄድ ስጦታ ለሚቀበለው ሰው ሸክም ነው። ጎመኑን በልቶ ስለ ውሃው መናገር ይከብደዋል። እማማ ደፍረው ስለተናገሩኝ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። የታቹን ቀዳዳዎች በቀለጠ ፕላስቲክ ደፈንኩ። በምትኩ ከጎን፣ ከታች ወደ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ለክቼ አንድ ቀዳዳ ብቻ በሳሁ። እስከዚያ ቀዳዳ ድረስ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀላል ቀይ ድንጋይ ሞላሁበት። ድንጋዩ ራሱ በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፤ ክብደቱም ከተራ ጠጠር በጣም ያንሳል። በላዩ የአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ አነጠፍኩ፤ አፈሩ ወደ ታች እንዳይገባ። ከዚያ አፈሩን መለስኩ። በጎኑ ቀዳዳ አጭር ቀጭን ጎማ ሰክቼ ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገባሁት። ትርፍ ውሃ ካለ ሃይላንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ያንኑ መልሼ አጠጣበታለሁ።

የውሃውን መጠንም ለካሁ። በደረቁ ወቅት ለአንድ ጀሪካን ጠዋት አንድ ሊትር፣ ማታ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ይህን ያወቅኩት ሃይላንዱን እያየሁ ነው። ማታ ሃይላንዱ ውስጥ ውሃ ካለ ጠዋት ቀንሼ አጠጣለሁ። ጎመኑ ከድሮው ይልቅ አማረበት። ለካ በየቀኑ ሦስት ሊትር እያፈሰስኩ የአፈሩን ምግብ ሳጥበው ኖሬያለሁ።

ሥራው ሲያልቅ እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ከስር አዩ፣ ወለሉን በእጃቸው ነኩ። አንድ ኪሎ በርበሬ ገዝቼ ነበር፤ ሁለቴ «አይሆንም» ብለው በሦስተኛው ተቀበሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው በሶብላዬ ላይ አረፈ። አበባ እንዳይዝ ጫፍ ጫፉን እየቆረጥኩ ነበር፤ ቅጠል እንዲበዛ የሚመከረው እንዲያ ነው። «ለምን አንገቱን ትቆርጪዋለሽ? ለበርበሬ የሚፈለገው እኮ አበባው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለበርበሬና ለሽሮ የምንጨምረው የደረቀው የአበባው ዛላ ነው፤ ሽታው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ለቅጠል እቆርጣለሁ፣ ግማሹን አበባ እስኪይዝ እተወዋለሁ። በ2017 የእማማ በርበሬ ውስጥ የገባው በሶብላና ጤና አዳም ከእኔ በረንዳ የሄደ ነው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ፈተና አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሃይላንዱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ ሌሊት እየተነሳሁ እደፋ ነበር። አሁን በእነዚህ ሁለት ወራት ጀሪካኖቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ በላያቸው ሸራ እወጥራለሁ። ወደ ግድግዳ ማስጠጋቱ ለሌላም ይጠቅማል። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ አንዱ ጀሪካን እስከ 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ሁሉ ክብደት በረንዳው ጫፍ ላይ ባያርፍ ይሻላል። በረንዳው ብረት ላይ የሰቀልኳቸውን ትናንሽ ጣሳዎችም አንስቻለሁ። ከስር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እባካችሁ ብረት ላይ የሰቀላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውርዱ።

ለአፈሩ ማዳበሪያ ስለማዘጋጀው ብስባሽ ባጭሩ። የወጥ ቤት ልጣጭ ባልዲ ውስጥ ማጠራቀም ስጀምር ጎን ያለው ቤት ሽታው አስቸገራቸው። ሕፃን አላቸው፣ መስኮታቸውም ከበረንዳዬ ጋር ይዋሰናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን ከልክ ባለፈ መጥፎ ሽታ እንዳያውክ ይከለክላል። እነሱ ግን ሕግ አልጠቀሱም፤ መስኮታቸውን ዘጉ እንጂ። የተዘጋውን መስኮት አይቼ ነው የገባኝ። ብስባሽ የሚሸተው እርጥቡ ሲበዛና አየር ሲያጣ ነው። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥቼ ለአንድ እጅ ልጣጭ ሁለት እጅ ያህል እየጨመርኩ፣ በሳምንት ሁለቴ ማገላበጥ ጀመርኩ። በአሥር ቀን ሽታው የዝናብ አፈር ሽታ ሆነ። መስኮቱ ተከፈተ። አሁን የሕፃኑ እናት ከበረካ በኋላ የቡና አተላዋን ታጠራቅምልኛለች። አተላውን ከብስባሹ ጋር አደባልቁት እንጂ አፈር ላይ አታልብሱት፤ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ሽፋን ሠርቶ ውሃ አያሳልፍም።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ እየወጣ ንጹሕ ውሃ አትክልት ላይ ማፍሰስ ልብ ያሳዝናል፤ አየው ብሎ የሚቀየምም አይፈረድበትም። ስለዚህ ውሃ በጠፋ ሳምንት የምጠቀመው የምስርና የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ብቻ ነው። የዱቄት ሳሙና የነካውን አልጠቀምም፤ ጨዉ አፈሩን ይጎዳል። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ሲወጣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ እረጫለሁ። ለእሱም ንፋስ የሌለበት ማለዳ እመርጣለሁ። ከታች የተሰጣ ልብስ ካለ እተወዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ከሕንፃችን ጀርባ ባዶ የነበረችውን ቁራጭ መሬት ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ሦስት ቤት ሆነን ማልማት ጀመርን። ጥቂት ቲማቲም፣ ብዙ ጎመን። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ጎረቤታችን በግ ገዝቶ እዚያው አጠገብ አሰረ። ገመዱ ረጅም ነበር። ጠዋት ስወርድ 20 የሚሆን ጎመን ግንዱ ብቻ ቆሟል። በጣም ተናደድኩ፤ ለመጮህም አፌን ከፍቼ ነበር። የእማማ እፍኝ በርበሬ ትዝ አለኝ። እሳቸው በሬን አንኳኩተው «እስኪ እዪልኝ» ነበር ያሉኝ። እኔም ሄጄ አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ይምጡና ይዩልኝ» አልኳቸው። መጥተው አዩ። ደነገጡ። በዚያው ሰዓት በጉን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ፤ ከበዓሉ በኋላ በጠጡን በከረጢት ጠርገው ሰጡን። ግንዶቹን አልነቀልናቸውም። በሦስት ሳምንት ገደማ ከየጎናቸው አዲስ ቀንበጥ አወጡ። የበግ በጠጥም ከብስባሹ ጋር ሁለት ወር ካረፈ በኋላ አፈር ላይ ገባ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር አለ፤ የእናንተን ልምድ የምፈልገውም ለዚሁ ነው። ምድር ቤት ያለ ወጣት ጎረቤታችን ከሕንፃው ግድግዳ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አቮካዶ ተክሏል። በጣም ይወደዋል፤ በየማታው ያጠጣዋል። አቮካዶ ሲያድግ ከአሥር ሜትር በላይ ይወጣል፤ የአንደኛና የሁለተኛ ፎቅን ፀሐይ ይወስዳል። የፍሳሽ ቱቦውም የሚያልፈው እዚያው ስር ነው። አምስት ስድስት ሜትር ራቅ የሚል ቦታ ከአጥሩ ጥግ አለ፤ ለክቼ አይቼዋለሁ። ጉድጓዱን አብሬው ልቆፍርለት፣ ብስባሹንም ከእኔ ልሰጠው አስቤያለሁ። ችግኙ ገና ጉልበቴ ጋ ነው የሚደርሰው፤ ከነአፈሩ በጥንቃቄ ቢነሳ ብዙም አይጎዳም ብዬ አስባለሁ። ሰኔ ሳይወጣ ልነግረው ፈልጌያለሁ። አቮካዶ ነቅላችሁ ቦታ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ሥሩን ምን ያህል አስፍታችሁ እንደቆፈራችሁለት ጻፉልኝ።