ሥራ ባጣሁበት ዓመት የጸለይኩት ጸሎት

ከስደት ዓመታቴ ሁሉ የከበደኝ፣ የእጄ አንጓ ተሰብሮ የሌሊት ጽዳት ሥራዬን ያጣሁበት ዓመት ነው። ብዙዎች ሊያጽናኑኝ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ያሰናበተኝ ግን አለቃዬ እንደሆነ፣ ያደረገውም አስቦበት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ቃሉ ከማጽናናት ይልቅ ከአምላኬ ጋር ያጣላኝ ጀመር።

በዚህ መሐል በምሄድበት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ዓመት መግቢያ የሚደረገው የቃል ኪዳን አምልኮ ደረሰ። ይህ ሥርዓት የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1755 ለሜቶዲስቶች ያስጀመረው፣ ምእመናን ራሳቸውን እንደገና ለእግዚአብሔር የሚሰጡበት ነው። ቀኝ እጄ በጀሶ ታስሮ ስለነበር የጸሎቱን ወረቀት የያዙልኝ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። «ስለ አንተ ብዬ ሥራ ላይ ልዋል፣ ወይም ስለ አንተ ብዬ ከሥራ ገለል ልበል» ከሚለው ቦታ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ። ጉባኤው አልፎን ሲሄድ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ ሳያነሡ፣ እስክለው ድረስ ጠበቁኝ።

በኋላ ዌስሊ በ1786 ስለ መግቦተ እግዚአብሔር፣ ማለትም እግዚአብሔር ፍጥረቱን ስለሚጠብቅበትና ስለሚመራበት መንገድ፣ የጻፈውን ስብከት ፈልጌ አነበብኩ። የራስ ጠጉር ሁሉ ተቆጥሯል ከሚለው የሉቃስ ወንጌል ቃል ተነሥቶ፣ እያንዳንዱን ሰው የማይመለከት መግቦት ለዓለም ሁሉ መግቦት ሊሆን እንደማይችል ይሞግታል፤ ደግሞም እግዚአብሔር ሰውን የሚመራው ነፃነቱን ሳያጠፋ ነው ይላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። የአለቃዬ ውሳኔ የራሱ ነውና በደሉን በአምላኬ ላይ ማሳበብ አልነበረብኝም፤ አምላኬ ግን በደሉ በደረሰብኝ ቦታም አልራቀኝም። ዌስሊ ራሱ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ሁለት ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ፣ በ1738 አንገቱን ደፍቶ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ልቡ በእምነት የሞቀው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ነው።

አዲስ ሥራ ያገኘሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት በትንሿ የጸሎት ቡድናችን፣ ከዌስሊ ዘመን ጀምሮ ሜቶዲስቶች ሲጠያየቁት የኖሩትን «ነፍስሽ እንዴት ናት?» የሚለውን ጥያቄ በየሳምንቱ እጠየቅ ነበር። አንድ ምሽት «ተቆጥታለች» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ማንም አልገሠጸኝም፤ እኚያ አሮጊት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው፣ «ቀጥዪ፣ ልጄ» አሉኝ።