ትንሿ ጣት ትረፍ፣ አውራ ጣት ትሥራ፦ ዊንዶውስና ማክን ጎን ለጎን መልመድ

የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ የዲዛይንና የሕትመት ቤት ነው። ባነር፣ ታፔላ፣ የሰርግ ካርድ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ዋናው ማሽናችን ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ነው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ (ኃይል የሚያቆየው ባትሪ) ሴቭ አድርገን እስክንዘጋ ይታገሰናል፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። አለቃችን ዘመድ ከውጭ የላከለትን ማክቡክ፣ የአፕልን ባለ ባትሪ ላፕቶፕ፣ ሱቅ ያመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ እኔ ዊንዶውስን ትቼ ማክ የገባሁ ሰው አይደለሁም። በአንድ ቀን ውስጥ እዚህም እዚያም ነኝ፤ ያውም ደንበኛ አጠገቤ ቆሞ «የኔ ጌታ፣ አልደረሰም እንዴ?» እያለኝ።

ሾርትከትን (በኪቦርድ የሚሰጥ አቋራጭ ትእዛዝን) በተመለከተ ሁሉም ሰው የሚሰጣችሁ ምክር አንድ ነው፦ ኮንትሮልን በኮማንድ፣ አልትን በኦፕሽን ቀይሩ፣ አለቀ። በአብዛኛው ልክ ነው። ኮፒ፣ ፔስት፣ ሴቭ፣ ግሩፕ፣ ፎቶሾፕ ላይ ፍሪ ትራንስፎርም፣ ፊደላቸው ያው ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጣት ግን በአምስት ደቂቃ አይማርም።

ኪቦርዱን እዩት። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ጥግ ላይ ስለሆነ በትንሿ ጣት ይያዛል። ማክ ላይ ኮማንድ ያለው ከስፔስ ባር አጠገብ፣ አልት በለመድነው ቦታ ነው። ማክቡክ ላይ ትንሿ ጣት ጥጉን ስትጫን የምታገኘው ኤፍኤንን ነው፤ የፈለጋችሁት ነገር አይሆንም። እኔን የገላገለኝ ኮማንድን ለአውራ ጣት መስጠት ነው። ማክ ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ አውራ ጣቴን እዚያ አስቀምጣለሁ፤ ሌሎቹ ጣቶች ቦታቸውን ራሳቸው ያገኙታል።

የተለማመድኩት ዝርዝር በመሸምደድ አይደለም። አንድ ሥራ መረጥኩ፦ ቢዝነስ ካርድ መደርደር። 9 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ካርድ ኤፎር ወረቀት ላይ 10 ይገባል። ኢለስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ካርዱን አልትና ሺፍት ይዤ ወደ ጎን ስጎትተው ሁለት ይሆናል። ሁለቱን መርጬ እንደዚያው ወደ ታች አንዴ እጎትታለሁ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ድርጊት የሚደግመውን ኮንትሮል ዲን ሦስት ጊዜ። ገጹ ሞላ። ማክ ላይ ኦፕሽንና ሺፍት፣ ከዚያ ኮማንድ ዲ ነው። መብራት እያለም ይህን ሥራ ሆን ብዬ ማክ ላይ ብቻ መሥራት ጀመርኩ። ሥራው ተደጋጋሚ ስለሆነ ጣቶቼ ሳላስበው ተገሩ።

ቀጥተኛው ቅየራ የማይሠራባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ጊዜ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። እንደኔ ኮረል በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ያደገ ሰው በተለይ የኪው (Q) ቁልፍን ይጠንቀቅ። ዊንዶውስ ላይ ኮረል ውስጥ ኮንትሮል ኪው ጽሑፍን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ ይቀይራል፤ ለሕትመት ሰው የዕለት እንጀራ ነው። ማክ ላይ ኮማንድ ኪው ፕሮግራሙን ይዘጋል። ደግነቱ ሴቭ ያልተደረገ ፋይል ካለ ይጠይቃል። ኢለስትሬተር ላይ ለዚሁ ሥራ ኮማንድ፣ ሺፍት፣ ኦ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ዙም ለማድረግ ኮንትሮልና ስፔስ የለመደ ሰው ማክ ላይ ኮማንድና ስፔስ ሲል የኮምፒውተሩ መፈለጊያ ሳጥን ይመጣበታል። መላው ስፔስን ቀድሞ ይዞ ኮማንድን ማስከተል ነው። የብሩሽን መጠን በመጎተት ለመቀየር ዊንዶውስ ላይ አልትና የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነው። ማክ ላይ ግን ኮንትሮልና ኦፕሽን ይዞ መጎተት ነው፤ አዎ፣ እዚህ ኮንትሮል ራሱ ነው የሚፈለገው። ዲሊት ተብሎ የተጻፈው የማክ ቁልፍ ደግሞ ሥራው የባክስፔስ ነው። ቀለም መሙላት ለምዳችሁ አልትና ባክስፔስ የምትሉ ከሆነ ኦፕሽንና ዲሊት በሉ። ኮማንድ ኤች ብዙ ፕሮግራም ላይ መስኮቱን ይደብቃል። ፎቶሾፕ ግን መጀመሪያ ስትነኩት መስኮቱን ይደብቅ ወይስ እንደ ዊንዶውሱ የመመሪያ መስመሮቹን፣ የቱን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል፤ ሳታነቡ እሺ አትበሉ።

በነገራችን ላይ እኛ ዊንዶውስ ላይ ያደግን ሰዎች ማክ ነገሩን ያጣመመብን ይመስለናል። ፎቶሾፕ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ለማክ ብቻ ነበር። እንግዶቹ እኛ ነን።

የእኛ አገር ዲዛይነር ተጨማሪ ጣጣ አማርኛው ነው። ሁለቱም ማሽን ላይ ኪማን የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ጭኛለሁ፤ አጻጻፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያሳርፋል። አማርኛው እንደበራ ግን ለመምረጫ ቪን፣ ለብሩሽ ቢን ብትመቱ ፕሮግራሙ አይሰማችሁም፤ የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ነውና። ጽፌ እንደጨረስኩ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፦ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ ማክ ላይ ኮንትሮልና ስፔስ። ፎንቱም አለ። ኒያላ የዊንዶውስ፣ ከፋ የማክ ፎንት ነው። በአንዱ የተሠራ የሰርግ ካርድ ሌላው ላይ ሲከፈት የሙሽሮቹ ስም መልኩን ይቀይራል። አሁን አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ሁለቱም ላይ ጭኛለሁ። ለማተሚያ የሚሄደውን ኮፒ ወደ ከርቭ ቀይሬ፣ የሚታረመውን ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛዬ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። ማክ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብቶ ኮንትሮልና ኮማንድን አቀያየራቸው። ጣቱን ሳይሆን ማሽኑን አስተማረ ማለት ነው። ማሽኑን የሚነካው እሱ ብቻ ስለሆነ ተመችቶታል። የእኛን ግን አለቃዬም፣ ማታ ማታ የምትሠራው ልጅም ይነኩታል፤ ቢቀያየር በየተራ እንጨቃጨቃለን።

እኛ የተስማማነው በትርፍ የዊንዶውስ ኪቦርድ ነው። ማክ ላይ ሲሰካ የዊንዶውሱ ቁልፍ ኮማንድ፣ አልቱ ኦፕሽን ይሆናል። ማክ ቅየራውን ለእያንዳንዱ ኪቦርድ ለብቻው ስለሚይዝ፣ መቀየር የፈለገ በዚያኛው ላይ ብቻ ይቀይራል። ኪቦርዱ ሲነቀል የማክቡኩ ቁልፎች እንደነበሩ ናቸው።