ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው በር፦ የጨዋታ መሪነት ልምዴ

አሥራ አራት ወራት የፈጀውን ዘመቻችንን፣ ማለትም በየምሽቱ እየቀጠልን የምንጫወተውን አንድ ረጅም ታሪክ፣ ባለፈው ሳምንት ከአራት ተጫዋቾች ጋር እስከ መጨረሻው አደረስነው። ከዚህ በፊት የጀመርኳቸው ሁለት ዘመቻዎች መንገድ ላይ ስለቀሩ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። የምንጫወተው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ የሚና ጨዋታ ሲሆን፣ የምንከተለውም የአምስተኛውን እትም ደንብ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ እኔ እንደ ጨዋታ መሪ ታሪኩንና የቀሩትን ገጸ ባሕርያት እመራለሁ፤ የሞከሩት ነገር መሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ደንቡን ማጥናት፣ ካርታ መሣልና ገጸ ባሕርያትን በየራሳቸው ድምፅ ማናገር በጥቂት ምሽቶች ይለመዳሉ። እኔን ለወራት ያስቸገረኝ ፍንጭ ነው።

በሦስተኛው ምሽት ተጫዋቾቹ የከተማዋን በር ቁልፍ ለጠላት የሸጠውን ጸሐፊ ቤት ይፈትሹ ነበር። ወንጀሉን የሚያጋልጠው ደብዳቤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ባለ ስውር በር ውስጥ ነበር። ሌባዋን የምትጫወተው ጓደኛችን ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ጣለች፤ 6 ወጣ። ከችሎታዋ የሚገኘው 3 ተደምሮ 9 ሆነ፤ እኔ ያስቀመጥኩት የክብደት ልክ፣ ማለትም ፍለጋው እንዲሳካ ድምሩ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ ግን 15 ነበር። «ከመጻሕፍት በቀር የሚታይሽ ነገር የለም» አልኳት። አራቱም ቤቱን ለቀው ወጡ፤ የቀረውን ምሽት ምንም የማያውቅ ነጋዴ ሲመረምሩ አሳለፉት። ታሪኬ በሙሉ ያ በር ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ቤት ገብቼ ስሌቱን ሠራሁት። 3 የሚጨመርለት ተጫዋች 15 ለመድረስ ቢያንስ 12 መጣል አለበት፤ ዕድሉም 45 በመቶ ነው። ታሪኩ እንዲህ ያሉ ሦስት ፈተናዎችን በተከታታይ ማለፍ ካለበት፣ መጨረሻው ላይ የመድረስ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። በአንጻሩ ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው አራት ተጫዋቾች ያንኑ መደርደሪያ በየተራ ቢፈትሹ፣ ቢያንስ አንዱ የማግኘት ዕድሉ 91 በመቶ ያህል ስለሚሆን ዳይሱን መጣል ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ታሪኩ ያለ እርሱ የማይራመድበትን ፍንጭ ከዳይስ ጀርባ መደበቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ አቋሜ ብዙ ጨዋታ መሪዎች እንደማይስማሙም አውቃለሁ።

አሁን ፈላጊ ካለ በሩ ይገኛል። ዳይሱ የሚወስነው ፍለጋው የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው፦ ጥሩ ቁጥር ከወጣ ደብዳቤውን ይዘው በጸጥታ ይወጣሉ፤ መጥፎ ከወጣ መደርደሪያው ሲንገጫገጭ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። በተጨማሪም ተጫዋቾቹ ሊደርሱበት ለሚገባ ለእያንዳንዱ እውነት ሦስት መንገድ በትንሽ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ያኔ የጸሐፊው ካርድ ቢኖረኝ ኖሮ፣ ሦስቱ መንገዶች እነዚህ ይሆኑ ነበር፦ ደብዳቤው፣ የቁልፉ ቅርጽ የታተመበት የሰም ቁራጭ፣ እና ጌታው በሌሊት ማንን እንዳስገባ ያየ አገልጋይ። ከመሣሪያዎቼ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እነዚህን ካርዶች እመርጣለሁ፤ ከውብ ካርታዎቼ ሁሉ ይልቅ ዘመቻውን ያዳኑት እነርሱ ናቸው።

የምናዘዘው ነገርም አለ። በዘመቻው አጋማሽ የአንዲት ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ክፉኛ ቆስላ ሳለ፣ ዳይሴን ከተጫዋቾቹ ዓይን ከሚሰውረው መከለያዬ ጀርባ ለጠላቷ የጣልኩት ዳይስ 20 ወጣ፤ እኔ ግን «ሳታት» አልኩ። ከሳምንት በኋላ «ያን ቀን አንተ ነህ ያዳንከኝ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አልዋሸኋትም። ድሉ የእርሷ መሆኑን መጠራጠሯ ከገጸ ባሕርይዋ ሞት በላይ ሳያሳዝናት አልቀረም። ከዚያ ወዲህ መከለያውን አንሥቼ በሁሉም ፊት እጥላለሁ።

ውጊያውን ማፍጠን ግን እስካሁን አልሆነልኝም። አንድ ዓይነት ጭራቆች በአንድ ተራ እንዲንቀሳቀሱ ማድረጌ ጥቂት ረድቶኛል፤ ሆኖም ስምንት ጠላት ያለበት ውጊያ አሁንም ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በአዲሱ ዘመቻ ግማሾቹ ሲወድቁ የቀሩት እንዲሸሹ ወይም እጅ እንዲሰጡ አደርጋለሁ። የሚማረክ ጠላት የሚያወራው ነገር ስለሚኖረው፣ ከየካርዱ ሦስት መንገዶች አንዱን ለምርኮኛ መድቤያለሁ።