ባዝራዋ ስንት፣ ድንጉላው ስንት? የማይንክራፍት ፈረስ እርባታዬ እስካሁን

ሰላም ጓዶች፣ ማይንክራፍት ጌም ሰርቨራችን ላይ ፈረስ የምናራባ ሰዎች እየበዛን ስለሆነ እና ሁሌ ቻት ላይ ያው ክርክር ስለሚነሳ (ውርንጭላዋን የሚወስነው ወንዱ ድንጉላ ነው ሴቷ ባዝራ?) እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። የማወራው ስለ ጃቫ ኤዲሽን (ከጌሙ ስሪቶች አንዱ) ነው፣ ሰርቨራችንም እሱ ስለሆነ።

ትልቁን ነገር መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፦ ማይንክራፍት ውስጥ ወንድ ፈረስ ሴት ፈረስ የሚባል ነገር የለም። ሁለት የተገሩ ፈረሶችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ወርቃማ ካሮት ወይ ወርቃማ አፕል ስታበሏቸው ልብ ልብ ይበተንና ውርንጭላ ዱብ ትላለች፣ ማን አረገዘ ማን ወለደ የለም። "እመቤት" ምናምን ብለን ኔም ታግ (የስም መለያ) ሰቅለን ባዝራ ያደረግናቸው እኛው ነን። እኔም በረቴ ውስጥ አንዱን አባ ነፋስ ብዬዋለሁ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ካሉ እኔ ምን ጎደለኝ፣ ግን ጌሙ አባ ነፋስን ድንጉላ ነው ብሎ የሚያስብበት ምንም መንገድ የለውም። ካሮቱን መጀመሪያ ለማን እንዳበላችሁም ለውጥ አያመጣም፣ እዛ ቻት ላይ "መጀመሪያ የበላው መልኩን ያወርሳል" የሚለው ወሬ ዝም ብሎ ወሬ ነው።

እሺ ታዲያ እንዴት ነው የሚወረሰው? ፈረስ ሦስት ስታት (የችሎታ ቁጥር) አለው፣ ጤና፣ ፍጥነት፣ ዝላይ። ጤና ከ15 እስከ 30 ነው (30 ማለት 15 ልብ)፣ ፍጥነት በሰከንድ ከ4.7 ብሎክ (ጌሙ የተሠራበት ኩብ፣ ርቀት የምንለካበት) እስከ 14.2 ገደማ፣ ዝላይ በጌሙ ቁጥር ከ0.4 እስከ 1.0 ሲሆን ምርጡ 5 ብሎክ ትንሽ አለፍ ያደርጋል፣ መካከለኛው ወደ 3 ብሎክ ነው። ሦስቱም ለየብቻ ነው የሚሰሉት። ማለትም ፈጣን ነው ማለት ይዘላል ማለት አይደለም፣ ይሄን የማይገባቸው ልጆች አሉ።

ፈረስ ጌሙ ላይ ከገባበት ከ2013 (በፈረንጅ) ጀምሮ እስከ ስሪት 1.19.4 ድረስ የነበረው ስሌት በጣም ያበሽቅ ነበር። የእናትን ስታት ይወስዳል፣ የአባትን ይወስዳል፣ ከዛ ከየትም የማይታወቅ ራንደም ፈረስ ይፈጥርና ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ያካፍላል። የማይታይ እንጀራ አባት በሉት። ሁለቱም ወላጆች ጤናቸው 30 ቢሆን እንኳን እንጀራ አባትየው በአማካይ 22.5 ይዞ ስለሚመጣ ውርንጭላዋ ወደ 27.5 ትወርዳለች። ስለዚህ ፈረሶቻችሁ ጥሩ በሆኑ ቁጥር ልጆቻቸው ወደ ታች ይጎተታሉ፣ ጥሩ ፈረስ ከፈለግክ ከማራባት ሜዳ ላይ ዞሮ መፈለግ ይሻል ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያሉት የድሮ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ አሁንም ይሄንን ነው የሚያስተምሩት፣ ቀኑን እያያችሁ።

1.19.4 (2023 ማርች ላይ የወጣው) ይሄን ቀየረው። አሁን እንጀራ አባት የለም። የሁለቱን ወላጆች አማካይ ይወስዳል፣ ከዛ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝበት ቦታ ይሰጠዋል። የውዝዋዜው ስፋት ነው ዋናው ነገር፦ በሁለቱ ወላጆች መሀል ያለው ልዩነት ሲደመር የስታቱ ጠቅላላ ርቀት 30 ፐርሰንት፣ ግማሹ ከአማካዩ በላይ ግማሹ በታች። ጤና ላይ ጠቅላላው ርቀት 15 ስለሆነ 30 ፐርሰንቱ 4.5 ነው። ሁለት 27 ጤና ያላቸው ፈረሶች ብታገናኙ ውርንጭላዋ ከ24.75 እስከ 29.25 ባለው ውስጥ ትወጣለች ማለት ነው። ከወላጆቿ ልትበልጥ ትችላለች! ድሮ ግን በእንጀራ አባትየው ዕድል ካልሆነ የሚታሰብ አልነበረም።

ግን ራንደሙ ዝም ብሎ አንድ ዳይስ አይደለም፣ ሦስት ራንደም ቁጥር አማካይ ነው፣ ስለዚህ አብዛኞቹ መሀል አካባቢ ነው የሚወድቁት ጫፍ የሚነካው ጥቂት ነው። ሌላው ደግሞ ጣሪያውን ካለፈ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል፣ 31 ሊሆን የነበረው 29 ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባለ 30 ፈረሶች ብታገናኙ ልጆቻቸው ሁሌ ከ30 ትንሽ ዝቅ እያሉ ነው የሚወለዱት። እዛ ላይ ስትደርሱ አትናደዱ፣ ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ሰርቨሩ ላይ ድንጉላ እያስከፈለ የሚያገናኝ ሰው አለ፣ ስም አልጠራም፣ ዋጋውም በዳይመንድ ነው። ፈረሱ ጥሩ ነው አልክድም፣ በሰከንድ 13 ብሎክ ይሄዳል። የናንተ ፈረስ 9 ከሆነ አማካዩ 11 ነው፣ የሁለቱ ልዩነት 4 ስለሆነ እና 30 ፐርሰንቱ 2.8 ስለሚጨምር ውርንጭላዋ ከ7.6 እስከ ጣሪያው ድረስ የትም ልትወድቅ ትችላለች። ቤታችሁ ያሉትን ሁለት 11 ብታገናኙስ? አማካዩ ያው 11 ነው፣ ግን ከ9.6 አትወርድም ከ12.4 አትበልጥም። ስለዚህ የዳይመንዱ ድንጉላ የሰጣችሁ የተሻለ አማካይ ሳይሆን ሰፊ ሎተሪ ነው። ካሮት የሞላው ሰው ሎተሪውን ይጫወት፣ ደጋግሞ ጥሩዋን ብቻ ያስቀራል። አንድ ውርንጭላ ብቻ ፈልጎ ዳይመንድ የሚከፍል ሰው ግን ኪሳራ ነው፣ ከ13 የምትበልጥ ልጅ የምትወጣው አልፎ አልፎ ነው።

እና ደግሞ ለምንድነው ድንጉላው ብቻ የሚያስከፍለው? በእውነተኛው ዓለም ምክንያት አለው፣ ባዝራ አስራ አንድ ወር ታረግዛለች በዓመት ቢበዛ አንድ ነው የምትወልደው፣ ድንጉላ ግን በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ ባዝራ ሊያጠቃ ይችላል፣ ስለዚህ ዝናውም ብሩም ወደሱ ይሄዳል። ከግማሽ በላይ ስለሚያወርስ አይደለም ልጁ ስለሚበዛ ነው። ጌሙ ላይ ግን ሁለቱም 5 ደቂቃ አርፈው እንደገና ይገናኛሉ። እኩል ናቸው። ባለ 13 "ባዝራ" ያላት ሰው እኩል ማስከፈል ትችላለች።

እንደውም እውነተኛው ፈረስ ላይ ካየነው እናትየዋ ናት የምታደላው። ዋልተን እና ሃመንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ላይ ሻየር የሚባለውን ግዙፍ የጋሪ ፈረስ ሼትላንድ ከሚባለው ድንክ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅለው በ1938 ያወጡት ጥናት አለ። ጂኑ ያው ግማሽ በግማሽ ነው፣ ግን ከሻየር ባዝራ የተወለደችው ውርንጭላ ከሼትላንድ ባዝራ ከተወለደችው ስትወለድ ሦስት እጥፍ ገደማ ትመዝናለች። ማህፀኑ ነው የወሰነው። ሚቶኮንድሪያ የሚባለውም፣ ሴሉ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጨው፣ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። በረሃ ላይ ያሉ ቤድዊኖችም የዓረብ ፈረስን ዘር በእናት በኩል ነበር የሚቆጥሩት። ጌሙ ይሄ ሁሉ የለውም፣ እኔ ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር ግን ለ12 ዓመት ልጅ የተሰራ ጌም ላይ ማህፀን እንዲያሰሉ መጠበቅም አይቻልም።

መልክ ላይ ደግሞ ጌሙ የራሱ ህግ ነው ያለው። 7 መሠረታዊ ቀለም አለ፣ 5 ዓይነት ምልክት (ምንም የሌለውን ጨምሮ)፣ በድምሩ 35 መልክ። ለቀለሙ ከ9 ዕድል 4ቱ የአንደኛው ወላጅ 4ቱ የሁለተኛው 1ዱ ራንደም ነው። ምልክቱ ለብቻው ይሰላል፣ 2 ለ 2 ለ 1። ስለዚህ ሁለት ነጭ ፈረስ አገናኝታችሁ ጥቁር ቢወለድ ባግ (የጌሙ ስህተት) አይደለም። በእውነቱ ግን ሁለት ቀይ ፈረስ (ጥቁር ፀጉር ጨርሶ የሌለው፣ ጋማውም ቀይ የሆነው) ጥቁር አይወልድም፣ ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከሁለቱም ወላጅ ድብቁን ጂን ሲወርስ ስለሆነ ለልጁም የሚሰጡት እሱኑ ነው። ቀለም መሰብሰብ የምትፈልጉ ሰዎች ስታቱን እርሱት፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ማሳደድ ያሳብዳል።

በቅሎም ጠይቃችሁኝ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚለው ተረት ጌሙ ላይ አይሰራም፣ አህያው አባት ይሁን እናት ጌሙ አይለይም። እውነተኛው ላይ አህያው አባት ፈረሷ እናት ስትሆን ነው በቅሎ የምንላት። ስሌቱ ያው ነው፣ አማካይ እና ውዝዋዜ። ሜዳ ላይ የሚገኝ አህያ ሁሌ በሰከንድ 7.4 ብሎክ ገደማ ስለሆነ ባለ 12 ፈረስ ብታገናኙት በአማካይ 9.7 ትሆናለች፣ ከአህያው ብዙ ትሻላለች፣ ቼስትም (የዕቃ ሳጥን) ትሸከማለች፣ ለማዕድን ጉዞ ከሷ የተሻለ የለም። አትወልድም ግን፣ እዚህ ላይ ጌሙ እውነት ይናገራል፣ ፈረስ 64 ክሮሞዞም አህያ 62 በቅሎ 63።

አሠራሬን ለጠየቃችሁ፦ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ 100 ብሎክ ቀጥ ያለ መንገድ በችቦ ምልክት አድርጌ ከመነሻው ወደኋላ ትንሽ ብሎክ ተንደርድሬ እገባና በስልክ ሰዓት እይዛለሁ። 10 ሰከንድ ከወሰደ 10 ብሎክ በሰከንድ፣ 8 ከወሰደ 12.5። ለዝላይ ደግሞ 3፣ 4 እና 5 ብሎክ ከፍታ ያላቸው ግድግዳዎች ጎን ለጎን ሠርቻለሁ፣ የዝላዩ ባር ሙሉ እስኪሆን ስፔስ ይዞ መልቀቅ ነው። ጤናው ስትቀመጡበት ይታያል። ውርንጭላ ግን አይጋለብም፣ እስክታድግ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ ካልሆነ መመገብ። ድርቆሽ 3 ደቂቃ ይቀንሳል፣ ስንዴ 20 ሰከንድ፣ 9 ስንዴ ደግሞ ልክ 3 ደቂቃ ስለሆነ ድርቆሽ ማሰሩ ክሊክ እንጂ ስንዴ አይቆጥብም። ወርቃማ ካሮት 1 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ለማሳደጊያ አታባክኑት።

አሁን ያለሁበት፣ እመቤት 11.2 ትሄዳለች አባ ነፋስ 12፣ ከነሱ የወጡትን ከ12 በታች የሆኑትን እየሸጥኩ በላይ ያሉትን እርስ በርስ እያገናኘሁ ነው (ጌሙ ላይ የዘመድ ጋብቻ ጉዳት የለውም፣ አትሳቁ)። ፍጥነቱ እየሄደልኝ ነው። ዝላዩ ግን ቆሟል ምክንያቱም ሁለቱም 4 ብሎኩን ግድግዳ አይዘሉም፣ ተመሳሳይ ስለሆኑ ውዝዋዜውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋም ይሁን ደካማም ይሁን ግድ የለኝም፣ 5 ብሎክ የሚዘል ፈረስ ያለው ሰው ካለ ከአባ ነፋስ ልጅ ጋር እለውጣለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ዳይመንድ አልከፍልም።