ሽቦ የሌለው የልብ ምት

እማዬ የምትተኛው ሦስት ትራስ ደራርባ ነው። ዝቅ ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። ከፒያሳ ወደ ቤታችን ያለችውን ዳገት ድሮ አስቤዛ ይዛ ሳታርፍ ትወጣት ነበር። አሁን ሦስት ቦታ ትቀመጣለች።

የልብ ድካም ነው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ስትነሳ ደግሞ የግራው የልቧ ክፍል ከቀኙ ዘግይቶ እንደሚመታ ታየ። ሐኪሙ ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ እያስከተለ መታ። «እኩል መምታት ሲገባቸው እንዲህ ሆኑ» አለን።

ሁለቱን የሚያስማማ ፔስሜከር፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ፣ አለ። ችግሩ ሽቦው ነው። የግራው ሽቦ የሚሄደው በልብ ጀርባ ባለ ደም ሥር ነው፤ የአንዳንዱ ሰው ደም ሥር ደግሞ አያሳልፍም።

ዋይዝ ስለሚባለው መሣሪያ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ኤሌክትሮድ፣ ልብን የምትቀሰቅስ ቁራጭ፣ በግራው ልብ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ትተከላለች። ሽቦም ባትሪም የላትም። ኃይሏን የምታገኘው ከድምፅ ነው! በጎድን አጥንቶች መካከል፣ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ማሰራጫ አልትራሳውንድ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ፣ ይልክላታል፤ እሷ ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይረዋለች። የማሰራጫው ባትሪም ጎን ላይ ከቆዳ ሥር ነው። ብቻውን ግን አይሠራም። በቀኙ ልብ ሌላ ፔስሜከር መኖር አለበት፤ ዋይዝ የእሱን ምት ተከትሎ ወዲያው ግራውን ይቀሰቅሳል። ሳንባ መንገዱን ከጋረደው ድምፁ አይደርስም፤ ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል።

የመጀመሪያው ሙከራ በአንዳንድ ታካሚዎች ልብ ዙሪያ ደም ስለፈሰሰ ቆሞ ነበር። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ማስገቢያው ተሻሽሎ ጥናቱ ቀጠለ። 183 ሰዎች በገቡበት ጥናት፣ ልብ ተኮማትሮ ሲጨርስ በግራው ክፍል የሚቀረው ደም በስድስት ወር 16.4 በመቶ ቀነሰ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2025 ፈቀደችው።

እማዬ ፔስሜከር ገና አልገባላትም። ውኃ የሚያስወጣውን መድኃኒቷን፣ ላሲክሷን፣ ትወስዳለች፣ ሽሮዋን ያለ ጨው ትበላለች። ግን ነገርኳት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሳ ከማሽኑ የሰማችውን የልቧን «ሹው ሹው» አስታወስኳትና «ያ ማሽን ልብን የሚያይበት ድምፅ ልብን መቀስቀስም ይችላል» አልኳት።

«ቅዳሴ ላይ ይጮሃል?» አለችኝ።

«አይሰማም እማዬ። የሰው ጆሮ አይደርስበትም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የቀጠሮ ካርዷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሰጠችኝ። «ስሙን እዚህ ጻፊልኝ፤ ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ» አለች።