የመኪናዬ መንዘፍዘፍ ከየት እንደሚመጣ የለየሁበት መንገድ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላትና ኃይሏን ለአራቱም ጎማዎች የምታከፋፍለው መኪናዬ ሁለት ዓይነት መንዘፍዘፍ ነበረባት። የመጀመሪያው ከየት እንደሚነሣ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ስለለየሁ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ሁለተኛው ገና አላለቀም፤ ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው የሚመጣው ቀላል ዳገት ላይ፣ ነዳጅ መርገጫው በስሱ ተረግጦ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ65 እስከ 75 ኪሎ ሜትር ሲሆን ነው። መቀመጫውና ወለሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይርገፈገፋሉ፤ ጎማዎቹ በተቦረቦረ የመንገድ ጠርዝ ላይ የወጡ ይመስላል። ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ካምቢዮው ማርሽ ይቀንስና ስሜቱ ይጠፋል። እግሬን ሳነሣም ይጠፋል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት አልነበረም።

የጎማ ባላንስ፣ የሞተር መቀመጫ ጎማዎች፣ የሲቪ ጆይንት ላስቲኮች፣ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ (ፕሮፔለር ሻፍት) ክሮቼራና የመሃል ኩሺኔታ በቅድሚያ ታይተዋል፤ በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ነዳጅ ብትረግጡም ብትለቁም በዚያው ፍጥነት የሚቀጥል ንዝረት ካለ ከጎማ ጀምሩ። ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ኃይል የሚያልፍባቸውን ክፍሎች ፈልጉ። የኔ ስረግጥ ብቻ የሚመጣው ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው የሚመክረው የፍሬን ሙከራ ይመጣል። ቶርክ ኮንቨርተር ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው በዘይት አማካይነት ነው። ፍጥነቱ ሲረጋጋ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ በውስጡ ያለ ፍሪሲዮን ሁለቱን ቀጥታ ይቆልፋቸዋል። ይህ ፍሪሲዮን ይዞ መልቀቅ፣ ለቅቆ መያዝ ከጀመረ መኪናው ይንዘፈዘፋል። ስለዚህ መንዘፍዘፉ ሲጀምር ቀኝ እግርን ከነዳጁ ሳያነሡ፣ በግራ እግር የፍሬኑ መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ፍሬኑን ነካ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይፈታል። መንዘፍዘፉ ወዲያው ከቆመ፣ ይባላል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል። ይህን ስታደርጉ ከኋላ የሚከተላችሁ መኪና አለመኖሩን አረጋግጡ።

የኔም ወዲያው ቆመ። የጠየቅኋቸው ሁሉ ካምቢዮው ወርዶ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይቀየር አሉኝ። በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ዋናው ነገር ይኸው ነው። የፍሬን ሙከራው የሚነግረን መንዘፍዘፉ ከመቆለፉ ጋር እንደሚያያዝ ብቻ ነው። ጥፋተኛው ፍሪሲዮኑ መሆኑን አይነግረንም። ቁልፉ ሲፈታ ኃይሉ እንደገና በዘይት ውስጥ ያልፋል፤ ዘይቱ ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣውን ማንኛውንም መንገጫገጭ ይውጠዋል። ከሲሊንደሮቹ አንዱ አልፎ አልፎ ነዳጁን ሳያቃጥል ቢያልፍ፣ ማለትም ሚስፋየር ቢኖር፣ ስሜቱ ጎልቶ የሚታወቀው ቁልፉ ሲዘጋ ነው፤ ሲፈታም ይጠፋል። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ለአንድ ሙከራ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ ማለት ነው።

እነዚህን ለመለየት ሁለት መሣሪያ ተጠቀምሁ። አንደኛው ከስልክ ጋር የሚገናኝ የኦቢዲ ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ነው። የሞተሩን ዙርና የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ዙር ጎን ለጎን በግራፍ አወጣሁ። የፍሪሲዮን ችግር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ቆልፌያለሁ እያለ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ዝቅ እያለ መዋዠቅ አለበት። ሚስፋየር ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ተያይዘው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ዘመናዊ ካምቢዮዎች ሆን ብለው በደቂቃ ጥቂት አሥር ዙሮች የሚያህል መንሸራተት ይፈቅዳሉ። የተረጋጋ ልዩነት በሽታ አይደለም፤ መዋዠቁ ነው በሽታው። ሌላው፣ ርካሽ ስካነር ብዙ ንባብ በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ በሰከንድ የሚሰጠው ነጥብ በጣም ጥቂት ስለሚሆን ግራፉ ያታልላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ንባብ በላይ አትክፈቱ።

የኔ መስመሮች ተያይዘው ሄዱ። ግን የስካነሩ ፍጥነት ስላላረካኝ ሁለተኛውን መሣሪያ አመጣሁ። በዚህኛው ፍቅር የያዘኝ መሆኑን አልደብቅም፤ የስልክ የንዝረት መለኪያ ነው፤ ንዝረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በግራፍ ያሳያል። ስልኩን ከመቀመጫው የብረት ሐዲድ ጋር አጥብቄ አሰርሁት፤ ኪስ ውስጥ ወይም ጭን ላይ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 20 ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከሆነ ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። የኋላ ዲፈረንሻሉ ጥምርታ 1 ለ 3 ቢሆን ፕሮፔለር ሻፍቱ 30 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ከሆነ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ሲሊንደር የሚያቃጥለው በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሆነ የአንድ ሲሊንደር ጉድለት በሰከንድ 12 ተኩል ጊዜ ይመታል።

ወሳኙ ሙከራ ይሄኛው ነው፤ የመንገዱን ፍጥነት ሳይለውጡ ማርሽ በእጅ መቀነስ። ሞተሩ ወደ 2000 ዙር ሲወጣ ጎማውና ፕሮፔለር ሻፍቱ በነበሩበት ይቀራሉ። ንዝረቱም በነበረበት ከቀረ ጥፋቱ ከጎማ ወይም ከዘንግ ነው። የኔ በሰከንድ ከ12 ተኩል አካባቢ ተነሥቶ ወደ 17 ገደማ ወጣ፤ ሞተሩን ተከተለ። ያንን የግራፍ ጫፍ በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳየው ካምቢዮውን የማውረድ ሐሳብ ከአእምሮዬ ወጣ።

የተቀረው በፍጥነት አለቀ። የሞተር መብራት የሚበራው የሚስፋየሩ ብዛት ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ነው፤ ከገደቡ በታች ያለው ግን በብዙ መኪኖች በስካነሩ ሞድ 6 በሚባለው ክፍል ውስጥ በየሲሊንደሩ ተቆጥሮ ይገኛል። 3ኛው ሲሊንደር ላይ ቁጥር ነበር፤ በሌሎቹ ላይ ዜሮ። ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና፣ የ3ኛውንና የ2ኛውን አቀያየርሁ። ቁጥሩ ወደ 2ኛው ተሻገረ። ካንዴላውን ሳወጣው በነጩ ሸክላ ላይ ከላይ እስከ ብረቱ የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር አየሁ፤ እሳቱ ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በውጭ በኩል የሾለከበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሲገኝ ካንዴላውም ቦቢናውም አብረው መቀየር አለባቸው፤ በአንደኛው ላይ የቀረው ዱካ አዲሱን ያበላሸዋል። ሁለቱንም ቀየርሁ፤ ዳገቱ ላይ መንዘፍዘፉ የለም።

ይህ ማለት ግን ቶርክ ኮንቨርተር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ግራፉ ላይ ልዩነቱ ከዋዠቀ መጀመሪያ የሚታሰበው ዘይቱ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በባለ 8 ፍጥነት ካምቢዮዎቹ ላይ እንዲህ ያለ መንዘፍዘፍ ሲያጋጥም አሮጌው ዘይት ታጥቦ በተሻሻለ ዓይነት እንዲተካ መመሪያ አውጥቷል። የምቃወመው ምርመራ ሳይደረግ ዘይት መቀየርን ነው፤ መንዘፍዘፉ ለጥቂት ቀን ቢሻሻል እንኳ ምን እንደፈወሰው አይታወቅም። ከቀለሙ ብቻ ተነሥቶ መፍረድም አያስኬድም። ወተት የመሰለ ሮዝ ዘይት ካያችሁ ግን መኪናውን አታንቀሳቅሱ፤ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል።

አሁን ሁለተኛው መንዘፍዘፍ። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ በዝግታ ስታጠፍ መኪናዋ የተያዘች ይመስል ትገታለች፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ይብሳል፣ ጠጠር ላይ ይጠፋል። ይህ የፊትና የኋላ ዘንጎች የዙር ልዩነታቸውን ማስተናገድ ሲያቅታቸው የሚታይ ምልክት ነው። የአራቱንም ጎማዎች ዙሪያ በሜትር ለካሁ። የኋላዎቹ ከፊቶቹ ይልቅ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የጥርስ ጥልቀት ጎድሏቸዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዙሪያው ላይ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ኪሎ ሜትር የኋላ ጎማዎቹ ወደ 3 ዙር ያህል ብልጫ ይዞራሉ፤ ያንን ብልጫ በየኪሎ ሜትሩ የሚሸከመው የማከፋፈያው፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈር ኬዝ፣ ፍሪሲዮን ነው።

ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ኃይል አላቅቆ መሞከር ጥሩ መለያ ነው፤ ግን የመኪናችሁን መመሪያ ሳታነቡ አታድርጉት። በቀድሞዎቹ አውቶማቲክ ሱባሩዎች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የፊውዝ ቦታ ስላለ ፊውዝ መሰካት ብቻ ይበቃል። በአንዳንድ ሌሎች መኪኖች ግን ፕሮፔለር ሻፍቱ ከተፈታ ኃይሉ ሁሉ በተፈታው በኩል ያመልጥና መኪናው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሁለት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ ማርሽ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች መኪናውን ሊያስፈነጥሩት ይችላሉ።

እውነቱን ለመናገር ትራንስፈር ኬዙን ለመክፈት እስካሁን አልደፈርሁም፤ ስለ ውስጡ የማውቀው በሥዕል ብቻ ነው። ዘይቱን አምራቹ ባዘዘው ዓይነት ቀይሬያለሁ፤ መገታቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ አራቱንም ጎማዎች በአንድ ዓይነትና በእኩል ጥርስ እቀይርና በዚያው አስፋልት ላይ፣ በዚያው የመሪ ጥምዘዛ፣ ስልኩን በዚያው ሐዲድ ላይ አስሬ እለካለሁ። ከእናንተ መካከል የማከፋፈያውን ፍሪሲዮን በእጁ የቀየረ ካለ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ መሠራት መቻል አለመቻሉን ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።