የጠየቅኩት ራም፣ የመለሱልኝ ሚሞሪ

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም አለ፤ ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። ከነማሸጊያው። አንድም ቀን ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እንዴት እጄ ላይ እንደቀረ ልንገራችሁ፤ እኔን "ተው" ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሥራዬ ፖስተርና የመጽሐፍ ሽፋን መሥራት ነው። ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ የመጣው በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ላፕቶፕ ስገዛ የምጠቀመው ፎቶሾፕ ብቻ ነበር። መስፈርቱን አነበብኩ። ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ 16 ይመከራል ይላል። "ይመከራል" የምትለዋን ለማሻሻጥ የተጨመረች ቃል አድርጌ ዘለልኳት። 8 ጊጋ ገዛሁ። ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ያምራል፣ ባትሪው ይቆያል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

"ቢያንስ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፕሮግራሙ ይከፈትልሃል ማለት ነው። ትሠራበታለህ ማለት አይደለም።

ሒሳቡን ያኔ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከባድ አልነበረም። አንድ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ውሰዱ። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቀለም አለው። በ16 ቢት ስትሠሩ እያንዳንዱ ቀለም 2 ባይት ይወስዳል። 24 ሚሊዮን ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ2፣ 144 ሜጋ። ይህ አንድ ሌየር (አንድ የሥዕል ንብርብር) ነው። ፋይሉ ዲስክ ላይ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አትሸወዱ። እዚያ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ ሲከፈት ይዘረገፋል። 10 ሙሉ ሌየር ካላችሁ 1.4 ጊጋ ሄደ። ፎቶሾፕ ደግሞ ካልነካችሁት ወደ ኋላ መመለሻ 50 እርምጃ ያስታውሳል። ዊንዶውሱ የራሱን ይወስዳል፤ ብራውዘሩም ሃያ ታብ ከፍቶ ተቀምጧል። 8 ጊጋ ምን ትሁን?

ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ወዲያው አይቆምም። የተረፈውን ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ዲስክ፣ ይገፋል። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው ይባላል፤ ፈጣንም ነው። ከራም ጋር ሲተያይ ግን አንድን ነገር ፈልጎ ለማምጣት በመቶዎች እጥፍ ይዘገያል። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ብሩሹን ጎትቼ እጄን አነሳለሁ፤ መስመሩ ከኋላዬ ይመጣል። መጀመሪያ ማውሱ የተበላሸ መስሎኝ ማውስ ቀየርኩ። አዎ፣ ማውስ ቀየርኩ።

ቪዲዮ ስጀምር ነገሩ ለየለት። ስልክ ቢደወል ብራውዘር ልዘጋ፣ ደንበኛ ፋይል ቢልክ ፎቶሾፕን ልዘጋ። አንዴ ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣቱ) ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደርቆ ቀረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ጠዋት ላይ ወሰንኩ። ራም እጨምራለሁ።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ስገዛ ሻጩን ጠይቄው ነበር። ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ሚሞሪው ወደፊት ይጨመራል?" አልኩት። "ይጨመራል፣ ምን ችግር አለው" አለኝ። በዚህ ቃል ተማምኜ ነው 8ቱን የገዛሁት። ያም ሆኖ ከመጨመሬ በፊት ላጣራ አልኩ። እዚህ ላይ ራሴን አመስግኜ ነበር። ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፈትኩ፣ ሚሞሪ የሚለውን ገጽ ተጫንኩ። ስሎት (ራም የሚሰካበት ቦታ) የሚለው መስመር "2 ከ2" ይላል። በቃ፣ ገባኝ! ሁለት ባለ 4 ጊጋ ተሰክተዋል ማለት ነው። አንዱን አውጥቼ 16 እሰካለሁ፤ 20 ይሆናል።

ልክ ከዚያ ሥር፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ፎርም ፋክተር፣ ማለትም የራሙ ቅርጽ፣ የሚል ነበር። ትይዩው "ሮው ኦፍ ቺፕስ" ይላል። አላነበብኩትም። ተሰክቶ የሚፈታ ራም ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ "ኤስኦዲም" ይል ነበር። "ሮው ኦፍ ቺፕስ" ካለ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል ማለት ነው፤ ከላይ ያለው "2 ከ2" ደግሞ ምንም አይነግርህም። የራሙ ዓይነት የላፕቶፑ ካርቶን ላይ ራሱ ተጽፎ ነበር፦ ኤልፒዲዲአር4ኤክስ። እኔ ያየሁት "ዲዲአር4" የሚለውን ነው። ፊት ለፊቱ ያሉትን ሁለት ፊደላት ማን ያያል? ኤልፒ ማለት ኃይል ቆጣቢ ማለት ነው። ኃይል ቆጣቢው ዓይነት ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በብየዳ ካልሆነ ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም ነበር። አሁን ኤልፒካም2 የሚባል የሚፈታ ዓይነት መጥቷል፤ ግን ያለው ጥቂት ሞዴሎች ላይ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ዲዲአር4፣ 16 ጊጋ፣ ገዛሁ። ትንሽ ካቻቢቴ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። ሐኪም መስዬ።

አስር ብሎን ፈታሁ። ክዳኑ አልነቃነቅ አለ። ለካ ሁለት ብሎኖች ከእግሩ ላስቲክ ሥር ተደብቀዋል። ላስቲኩን ስልጠው ተቀደደ። ከዚያ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ጠርዙን እየፈለቀቅኩ ዞርኩ። ጥጉ ላይ ስደርስ "ቀጭ" አለ። አንድ መቆለፊያ ተሰበረ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ክዳኑ ተነሳ። የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፤ እሱን እንኳ አልረሳሁም። ከዚያ ፍለጋ ጀመርኩ። አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር በአንድ ብሎን ተይዛ አየሁ። "አገኘሁሽ!" አልኩ። ፈታኋት። ከገዛሁት ጋር ሳስተያይ አጠረች፤ ጥርሶቿም ሌላ ናቸው። ገልብጬ ሳያት 512 ጊጋ ይላል። ኤስኤስዲው ነው። ፋይሎቼን በሙሉ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

መለስኳት። ማራገቢያው ሥር አየሁ። ኪቦርዱ ሥር ይሆናል ብዬ በእጅ ባትሪ አጮለቅኩ። የሚሰካበት ቦታ የለም። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ጥቁር ጥቁር ትንንሽ ቺፖች ተደርድረዋል። ሮው ኦፍ ቺፕስ። ስሙን በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ይጨመራል ብለኸኝ ነበር እኮ" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ሚሞሪ ነው። ሚሞሪው ይጨመራል፤ 1 ቴራ ልትከትበት ትችላለህ። ራም ብለህ ብትጠይቀኝ አይጨመርም እልህ ነበር" አለኝ።

እስካሁን የሚያበሳጨኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰውየው ልክ ነው። ሚሞሪ የሚለውን ቃል ለሁሉም ነው የምንጠቀመው። ለስልክ ካርዱም ሚሞሪ፣ ለዲስኩም ሚሞሪ፣ ለራሙም ሚሞሪ። እኔ ራም ማለቴ ነበር፣ እሱ የፋይል ማስቀመጫ መስሎት ነበር፤ ሁለታችንም እየተስማማን ተለያየን። ግን ደግሞ ይሄ ሰው ቀኑን ሙሉ ይህን ነው የሚሸጠው። "የትኛውን ነው የምትለው?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ላፕቶፑን በሌላ ልቀይር ስለው ተከፍቷል አለ። ራሙን ልመልስ ስል ማሸጊያው ተነክቷል ተባልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ስትጠይቁ "ራሙ ይፈታል ወይስ ተበይዷል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም አትመኑ። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን የጥገና መመሪያ ፈልጉ። እዚያ የራም መፍቻ ገጽ ከሌለ ራሙ አይፈታም። አንዳንዱ ደግሞ ግማሹ ተበይዶ አንድ ስሎት የሚተውም አለ። ከዩኤስቢ ዲስክ በቀር ምንም መጨመር የማይቻልባቸውም አሉ። አፕል 2020 ላይ በራሱ ቺፕ ማክ መሥራት ከጀመረ ወዲህ በወጡት ማክቡኮች ላይ ራም እንዲሁ ገዝቶ መሰካት አይቻልም፤ የገዛችሁበት ቀን የመጨረሻ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ እስካጠራቅም ወራት ፈጀብኝ። በዚያ መሃል ፕሮክሲ ተማርኩ፦ 4ኬ (በጣም ጥራት ያለውን ትልቅ) ቪዲዮ በትንሽ ኮፒ ኤዲት አድርጎ መጨረሻ ላይ ዋናውን መመለስ። ማንም ሰው አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢሞክር እላለሁ። ግማሾቻችሁ ግዢውን ትተዉታላችሁ።

ሁለተኛውን ግዢ በግምት አላደረግኩትም። በጣም የሚበዛብኝን ቀን መረጥኩ። ሽፋኑን፣ ቪዲዮውን፣ ብራውዘሩን፣ ሙዚቃውን ሁሉንም እንደ ልማዴ ከፈትኩ። ታስክ ማናጀር ላይ "ኮሚትድ" የሚል ቁጥር አለ። ፕሮግራሞቹ በጠቅላላ ስጡን ያሉት ልክ ነው፤ ወደ ዲስክ የተገፋውንም ይቆጥራል። ለሁለት ሳምንት ትልቁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ። 21 ጊጋ ደረሰ። ኮሚትድ ከእውነተኛው ፍላጎት ከፍ ይላል፤ ቢሆንም 16 እንደማይበቃኝ፣ 64 ደግሞ ጉራ እንደሆነ ነገረኝ። 32 ገዛሁ። ማክ ያላችሁ ደግሞ የታስክ ማናጀር አቻ የሆነው አክቲቪቲ ሞኒተር ላይ ሚሞሪ ፕሬዠር የሚለውን ግራፍ እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ተረጋጉ። ቢጫና ቀይ እየደጋገመ ከመጣ ራም ያንሳችኋል። ራሙ 90 ከመቶ ሞልቷል ብላችሁ ግን አትደንግጡ፤ ፕሮግራሞች ባዶ ቦታ ሲያገኙ ለፍጥነት ብለው ይሞሉታል።

አሁን የራሴን አስተያየት ልበል። ለፎቶና ለፖስተር 16 ይበቃል። 8 የሚላችሁን አትስሙ፣ "ማክ ላይ 8 ማለት 16 ማለት ነው" የሚለውንም። አፕል ራሱ 2024 ላይ የማክቡክ ኤርንና የማክቡክ ፕሮን መነሻ 16 አድርጎታል። ለ4ኬ ቪዲዮ 32። የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየርም ለ4ኬ 32 ይላል፤ ሌላው፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ደግሞ ፊውዥን የሚባለውን የኢፌክት ክፍሉን ከተጠቀማችሁ 32 ይላል። እዚህ ላይ መስፈርቱ እውነት ተናግሯል።

አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው የአኒሜሽንና የኢፌክት ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ግን የራሱ ዓለም ነው። አንድ የ4ኬ ፍሬም (አንድ የቪዲዮ ምስል) በ16 ቢት፣ ከሦስቱ ቀለሞች ጋር ግልጽነቱም ተቆጥሮ፣ 66 ሜጋ ይይዛል። በሰከንድ 24 ፍሬም ካለ 10 ሰከንድ ለማየት ብቻ ወደ 16 ጊጋ ይበላል። ለእሱ 64 ጉራ አይደለም። በትልልቅ የመሣሪያ ድምፆች ሙዚቃ ለሚያቀናብሩትም እንደዚያው።

"የቻላችሁትን ያህል ብዙ ራም ግዙ" የሚባለውን ምክር ግን አልወደውም። እሱን ብለው ቀለሙ የተበላሸ ስክሪን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። ልትቆርጡ ከፈለጋችሁ ፕሮሰሰሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም። ደግሞ ሪዞልቭ "የጂፒዩ (የግራፊክስ ማቀነባበሪያው) ሚሞሪ ሞልቷል" ካላችሁና ለብቻው የተቀመጠ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ራም መጨመር ምንም አይፈይድም። ያ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ነው። ይኸው እንደገና ያቺ ቃል!

አዲሱ ላፕቶፕ ሁለት ስሎት አለው። ከመክፈሌ በፊት ፎርም ፋክተሩን ራሴ ከፍቼ አነበብኩ፤ ሻጩ እስኪሰለቸው። ባለ 16 ሁለት ተሰክተውበታል። አንድ ባለ 32 ከመሆን ሁለት መሆኑ ይሻላል፤ በሁለት መንገድ ስለሚያመላልስ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ያለው ግራፊክስ ይፈጥናል። የመሳቢያዬን ራም አንድ ቀን ልሰካበት ብዬ ነበር። አይገባም። ይሄኛው ቀጣዩ ትውልድ፣ ዲዲአር5፣ ነው፤ የጥርሶቹ ክፍተት ያለበት ቦታ እንኳ ይለያል።

አሮጌው ላፕቶፕ አሁን ታናሽ እህቴ ጋ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፍበታለች። ባለፈው "እንዴት ነው፣ አላስቸገረሽም?" አልኳት። "አንተ ደግሞ ምን ጎድሎት ነው የተውከው? ክንፍ ነው እኮ!" አለችኝ። የተሰበረውን ጥግ በፕላስተር አጣብቃዋለች።